ሐዲድ ሲሞት ፊቱ ይናገራል

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኮምቦልቻ ዳር፣ ከአዋሽ ወልዲያ ይደርሳል የተባለው አዲሱ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ከአንድ አባት ጋር ቆሜ ነበር። የባቲ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ድሬዳዋ ወርደው ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር፣ በድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር፣ የሐዲድ ጥገና ጨርሰዋል። አሁን ኮምቦልቻ፣ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ጎንበስ አሉና የሐዲዱን አናት በአውራ ጣታቸው አበሱት። ጣታቸውን አሳዩኝ። ቡናማ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይዟል።

«የሚሠራ ሐዲድ ፊቱ ያበራል» አሉኝ። «እንደ መስታወት። ጎኑ ቢዝግ ግድ የለም። ፊቱን ግን የባቡሩ ጎማ በየቀኑ ይወለውለዋል። ፊቱ ከዛገ፣ ባቡር አላለፈበትም ማለት ነው።»

ይህቺ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣችም። የኮምቦልቻው ሐዲድ ፊቱ ዝጓል። ገና አንድ መንገደኛ ሳያሳፍር፣ አንድ ኩንታል እህል ሳያወርድ። የድሬዳዋው ሐዲድ ደግሞ የሰው ዕድሜ ከሚፈጀው በላይ ሲያበራ ኖሮ ነው የዛገው። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አለብን ብዬ አምናለሁ። የድሮው መስመር እንዴት እንደሞተ በደንብ ካላወቅን፣ የእኛው ሳይወለድ እየሞተ መሆኑን የምናይበት ዓይን አይኖረንም።

የመጨረሻው ቀን መቼ ነበር?

ምድር ባቡርን የሚያውቁ ሰዎችን «መቼ ተዘጋ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አንድ ዓይነት መልስ አታገኙም። አንዱ 2000 ዓ.ም. ይላችኋል። እውነትም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጉዞ የተቋረጠው በዚያ አካባቢ ነው። ሌላው ይከራከራል። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለው ክፍል ከዚያም በኋላ እየቆመ እየተነሳ ይሠራ ነበር ይላል። እሱም አልዋሸም።

አባባን ስጠይቃቸው ዓመት አልነገሩኝም። «ቡሎን መምጣት ሲያቆም ነው የሞተው» አሉ። ድሮ ሐዲዱን በእግር እየሄዱ ይፈትሹ ነበር። የላላ ያጠብቃሉ። የተበላ ይቀይራሉ። ኋላ ላይ መለዋወጫ ጠፋ። ከዚያ ከማይሠራው ሐዲድ ላይ እየፈቱ በሚሠራው ላይ ማሰር ጀመሩ። «የሟች ልብስ ገፈን ለበሽተኛው እንደማልበስ ነው። ለዛሬ ይሞቀዋል እንጂ አያድነውም» አሉ።

እኔም የራሴ ትዝታ አለኝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደሴ ሌሊት ተነስቼ፣ በአውቶቡስ ጣርማበርን አልፌ አዲስ አበባ ገባሁ። በማግስቱ ለገሃር ሄድኩ። ድሬዳዋ የአጎቴ ልጅ ታገባ ነበር። አውቶቡስ እንደሚፈጥን ሁሉም ነግሮኛል። ግን ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። ወሎ ውስጥ ያደገ ልጅ ባቡርን የሚያውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ነው።

ሦስተኛ ማዕረግ ነበር የገባሁት። ወንበሩ እንጨት ነው። መሀል መሀሉ በሰው ብዛት ተወልውሎ ይብለጨለጫል። ፉርጎው ውስጥ አምፖል የለም። ሲመሽ አንዲት ነጋዴ ሴት ከጉያዋ የእጅ ባትሪ አውጥታ ከጣሪያው ሽቦ ላይ አንጠለጠለችው። ባቡሩ በተወዛወዘ ቁጥር ብርሃኑ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይሄዳል። አዋሽ ስንደርስ ቆመ። ለምን እንደቆመ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሴትየዋ ፌስታሏን ፈትታ ዳቦ ቆረሰችና ከፊቷ ላለው ሁሉ አደለች። እኔም ደረሰኝ። «ብላ ልጄ፣ ይሄ ባቡር እኮ ሲነሳ ነው የሚነሳው» አለችኝ። ከሰዓታት በኋላ ተንቀሳቀስን። ድሬዳዋ የደረስኩት ሙሽሪት ከወጣች በኋላ ነው።

ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ያየሁት የአንድ መስመር የመጨረሻ ዓመታት ነው። አንድ ሰው እንኳ ለምን ቆመ ብሎ አለመጠየቁ ምልክት ነበር። ተሳፋሪው ተስፋ ቆርጦ ነበር። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

ከውጫሌ እስከ ለገሃር

ባቡር ለወሎ ሰው የሩቅ ነገር ይመስላል። ታሪኩ ግን ያን ያህል አይርቀንም። አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉት ውል፣ በ17ኛው አንቀጹ ትርጉም የተነሳ ፈረሰ። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. ሰረዙት። በዓመቱ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሁለቱ ነገሮች በዓመት ልዩነት መምጣታቸውን ሳስብ፣ ባቡሩ ከመጀመሪያውም የንግድ ብቻ ሳይሆን የነፃነትም ጉዳይ እንደነበር ይታየኛል።

ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር። ተራራው ገንዘብ በላ። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ጣቢያው የቆመበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ለዘመናት የንግድ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ከመንገዱ ወጣች። ማንም የማያውቀው ሜዳ ከተማ ሆነ። የሐዲድ አንድ መታጠፊያ የአንድን አገር ዕጣ እንዲህ ነው የሚቀይረው። ገንዘቡ አለቀና የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። በሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ሙሉ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ይህን ሃያ ዓመት ልብ በሉልኝ። «የወልዲያው ባቡር ዘገየ» ስንል የድሮውም ዘግይቷል። ከስሯል። ቆሟል። እንደገና ተነስቷል። መዘግየት ብቻውን ሞት አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በወሎ በኩል ላሊበላን ተሳልመው ነው ወደ ሸዋ የተመለሱት። ወደ ስደት የወጡት ግን በዚሁ ባቡር ነው። አያቴ ይህን ሲያወሩ «ንጉሡን ይዞ የሄደ ባቡር» ነበር የሚሉት። ባቡር ዓይተው አያውቁም። ስሙን ግን ያውቁታል።

ምን ገደለው?

ሰዎች አንድ ገዳይ ይፈልጋሉ። ደርግ ነው ይላሉ። ኢሕአዴግ ነው ይላሉ። ቻይና ነው ይላሉ። እኔ እንደሚገባኝ መስመሩን የገደለው አንድ ክብ ነው። ክቡ እንዲህ ነው የሚዞረው፦ ጭነት ሲቀንስ ገቢ ይቀንሳል። ገቢ ሲቀንስ ጥገና ይቀራል። ጥገና ሲቀር ባቡሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ይበላሻል፣ ከሐዲድ ይወጣል። ያኔ ነጋዴው እቃውን ለከባድ መኪና ይሰጣል። ጭነቱ ደግሞ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ይህ ክብ መዞር ከጀመረ በራሱ አይቆምም።

መኪናና ባቡር እኩል አይወዳደሩም። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባለ መኪናው አስፋልቱን አይጠግንም። መንግሥት ይጠግንለታል። ባቡሩ ግን ሐዲዱንም፣ ድልድዩንም፣ ጣቢያውንም፣ ዘበኛውንም ከራሱ ቲኬት ነው የሚከፍለው። የአሰብ መንገድ እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር ባቡሩ እየከሳ ሄደ። ያ መንገድ የእኛ መንገድ ነው። ኮምቦልቻንና ባቲን አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው፣ ጣሊያን የጀመረው። የወሎ ሰው ከአሰብ መኪና በልቷል፣ ሠርቷል፣ ቤት ሠርቷል። ባላንጣው የከሳው ባቡር መሆኑን ያኔ ማንም አላሰበውም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ነገሩ እንዲህ የተያያዘ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1969 እና 70 የሶማሊያ ወረራ ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ፣ ድልድይ ፈረሰ። ተጠግኖ ተነሳ። በጥር 1977 ደግሞ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ ጥምዝ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ። ፉርጎዎቹ ገደል ወረዱ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱ የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት ውስጥ ነው።

ወሎ ውስጥ ግን ይህን አደጋ የሚያስታውስ ሰው ብዙም አላገኘሁም። ለእኛ 77 ማለት ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጥር ወር ኮረም ላይ፣ ባቲ ላይ፣ ሐይቅ ላይ ሰው በረሃብ እየወደቀ ነበር። በራሱ ሞት ውስጥ ያለ አገር የሌላውን ሞት አይሰማም። ይህን ሳስብ ሁሌም ያመኛል።

በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለባቡሩ ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ጅቡቲን የሚያውቅ፣ መቶ ዓመት የለመደ መስመር ነው። ግን ሰውነቱ አልቆ ነበር። ሐዲዱ ቀጭን ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ድልድዮቹ የቅድመ አያት ዘመን ሥራ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ለጥገና ገንዘብ ሰጠ። ለግል ኩባንያ በኮንሴሽን፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት እንዲያስተዳድረው፣ ለመስጠትም ድርድር ተደረገ። አልሰመረም። ዕድሉ በሩ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ ተነስቶ የሚከፍትበት ጉልበት አልነበረውም።

ከዚያ አዲሱ መጣ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስመር በመስከረም 2009 ተመረቀ። ለመንገደኛና ለጭነት መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የድሮው ባቡር በአዲሱ ላይ፣ የአዲሱም በድሮው ላይ መሄድ አይችልም። ብዙ ሰው «ለምን የድሮውን አላደሱትም?» ይላል። ስፋቱ ራሱ ይመልሳል። ማደስ ሳይሆን አዲስ መዘርጋት ነው የሆነው። አባባ ግን በአዲሱ መስመር ላይ አንድ ቅሬታ አላቸው። ድሬዳዋ ላይ ጣቢያው ከከተማው ወጥቷል። «የድሮው ከተማ ሠርቶልን ነበር። ይሄ ከከተማው ሸሸ» ይላሉ። ቅሬታቸው እውነትነት አለው። ከጣቢያው ወጥቶ በእግሩ የከተማው ሰፈር ከዚራ የሚገባ መንገደኛ ዛሬ የለም።

የእኛ ሐዲድ

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው። የመሠረት ድንጋዩ በየካቲት 2007 ተቀመጠ። ሥራውን የያዘው የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነው። ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛው ከውጭ ባንኮች የተገኘ ብድር ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ነው። ሐዲዱ ተነጥፏል። ዋሻው ተቦርቡሯል። ድልድዩ ቆሟል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር እንኳ አይሞላም። ኮምቦልቻ 1 ሺህ 8 መቶውን ያልፋል። ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወጣም። ቀስ እያለ፣ እየተጠማዘዘ፣ ተራራውን እየበሳ ነው የሚወጣው። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በመኪና የወጣ ሰው የወሎን መሬት ያውቀዋል። በዚህ መሬት ላይ ሐዲድ መዘርጋት መቻሉ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ሲሠራ ያየን ሰዎች ኮርተናል። የሰፈራችን ልጆች ቱርክኛ ቆጠራ ለምደው ነበር።

ታዲያ ለምን አልሄደም? ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። የኃይል አቅርቦቱ ሥራ ከሐዲዱ እኩል አልተራመደም። ገንዘብ ጠበበ። አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል ከበዳት። በሚያዝያ 2013 መስመሩ አጠገብ ያለችው አጣዬ ተቃጠለች። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከተሞቹ የተመለሱት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ መሀል የባቡሩ ንብረት ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ ሊቀጥል የነበረው ሌላው መስመርም ቆሞ ቀረ።

አክስቴ ከሚሴ አቅራቢያ ነው የምትኖረው። የማሽላ ማሳዋ ግማሹ ለሐዲዱ ተወሰደ። ካሳ ተከፈላት። የተከፈላት ገንዘብ በሁለት ዓመት አለቀ። ሐዲዱ የተነጠፈበት የአፈር ቁልል ከብቶቿን ከውሃ ለየባት። መሻገሪያ ይሠራልሻል ያላት መሥሪያ ቤት ነበር። አልተሠራላትም። አሁን ከብቶቿን ዙሪያ ጥምጥም ትነዳለች። ግን አንድም ቀን «ባቡሩ ይቅር» ስትል አልሰማኋትም። «መሬቴን ከወሰደ ወዲያ ይሂድና ልየው» ነው የምትለው። ለእኔ ከማንኛውም ሪፖርት በላይ የሚከብደኝ ይህ ቃሏ ነው።

የቆመ ሐዲድ ቆሞ አይጠብቅም

ብዙ ሰው ሐዲድ አንዴ ከተነጠፈ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ይጠብቀናል ብሎ ያስባል። ስህተት ነው። ባቡር የሚሄድበት መስመር ስለሚሄድበት ነው የሚጠበቀው። ጠጋኙ ይመላለሳል፣ ዘበኛው ይነቃል፣ ሌባው ይፈራል። የማይሄድበት መስመር ግን በየቀኑ ይፈርሳል።

የወሎን ክረምት አስቡት። ውሃው ከተራራው ሲወርድ ድንጋይና አፈር ይዞ ነው። ከሐዲዱ ሥር ያለው ቱቦ በደለል ይሞላል። ቱቦው ከተደፈነ ውሃው መንገድ ይፈልጋል፣ ቁልሉን ይበላል። ከሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር ይታጠባል። ጠጠሩ ሲሄድ ሐዲዱ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዋሻ ውስጥ የውሃ መውረጃው ካልተጠረገ ግድግዳው ያለቅሳል። ለባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ሽቦ መዳብ ነው። መዳብ ገበያ አለው። ባለቤት የሌለው መዳብ ደግሞ አያድርም። ሕዝቡም ሐዲዱን እንደ እግር መንገድ ይለምደዋል። ከብት ይግጥበታል። ቀስ ብሎ ጎጆ ይጠጋዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ባቡር እናስኬድ ስንል እነዚያን ሰዎች እንደገና ማንሳት፣ እንደገና ካሳ መክፈል ሊመጣ ነው።

ብድሩ ግን አይዝግም። ወለዱ ባቡሩ ሄደ አልሄደ ብሎ አይጠይቅም።

ለዚህ ነው የምድር ባቡር የመጨረሻ ዓመታት የሚያሳስቡኝ። ያ መስመር ያለቀው በአንድ ቀን ውሳኔ አልነበረም። እያንዳንዱ ዓመት «ለዘንድሮ ይለፈን» ተብሎ ነው ያለፈው። የእኛም እንደዚያ እያለፈ ነው።

አንድ የማይመች ነገር

ልቤ ባቡሩ እንዲሄድ ይፈልጋል። ግን አንባቢን ማታለል አልፈልግም። የኮምቦልቻ መስመር ሥራ ቢጀምር እንኳ ያ የድሮ ባላንጣ ይጠብቀዋል። ቁጠሩት። ከኮምቦልቻ ወደ ጅቡቲ በባቡር ለመሄድ መጀመሪያ 270 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ አዋሽ ድረስ መውረድ ነው። ከዚያ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጅቡቲ። በባቲና በሚሌ የሚወርደው የመኪና መንገድ ከዚህ በብዙ ያጥራል። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ኮንቴይነሩን በየት በኩል ያመጣል? ባቡሩ በዋጋና በሰዓት አክባሪነት ካልበለጠ በባቲ በኩል ነው የሚያመጣው። ከወልዲያ በሰመራ አድርጎ ወደ ታጁራ የሚወርድ መስመር ታስቦ ነበር። እሱ ቢኖር ስሌቱ ይቀየር ነበር። አልተሠራም።

ታዲያ ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? በፍጹም። ወሎን ከመሀል አገር የሚያገናኝ ከባድ ጭነት አለ። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ እህል። ጣርማበርን በከባድ መኪና የሚወጣ ሾፌር ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ ቢራ ፋብሪካ አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ፓርኩ የታሰበው ባቡሩ እንደሚመጣ ታስቦ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ አሜሪካ በአጎዋ በኩል የሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድልም ተነሳ። ፋብሪካውና ባቡሩ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ቆመው እንዳይቀሩ እፈራለሁ። ደሴም ብትሆን ከሐረጎ በላይ ተቀምጣ ባቡሩን ታች ኮምቦልቻ ነው የምታገኘው። የሐረርን ታሪክ የሚያውቅ የደሴ ሰው ይህን ከወዲሁ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር «ባቡሩ ይጀመር» የሚል ብቻ አይደለም። ማን ይጭንበታል? ጥገናውን ማን ይከፍላል? ከአስፋልቱ ጋር እኩል የሚወዳደረው በምን ሕግ ነው? የምድር ባቡርን የገደለው ክብ እዚህም እንዳይጀምር እነዚህ ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ፉርጎ በፊት መልስ ይፈልጋሉ። እስከዚያው ድረስ ደግሞ አንድ ቀላል ሥራ አለ። ቱቦ መጥረግ፣ ጠጠር መመለስ፣ ዘበኛ ማቆም። ይህ እንደ ግንባታው ቢሊዮን አይጠይቅም። የኮምቦልቻና የከሚሴ ወጣት አካፋ ይዞ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ሥራ ፈላጊው እንደሆነ ሞልቷል።

የሚያውቁት እያለፉ ነው

የመጨረሻው ጭንቀቴ ስለ ሰው ነው። ሐዲድን በእጁ የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው። ድሬዳዋ የነበረው ትልቁ የጥገና ግቢ ትውልድ ያሠለጠነ ቦታ ነበር። ልጁ ከአባቱ ይማራል። የሐዲድን ድምፅ በመዶሻ መታ አድርጎ ስንጥቁን የሚለይ ጆሮ በመጽሐፍ አይገኝም። በአዲሱ የጅቡቲ መስመር ላይ ሥራ የማስኬዱ ኃላፊነት ከቻይናዎቹ ወደ እኛና ወደ ጅቡቲ ሰዎች የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው። ድሮም ባቡር ስንነዳ የኖርን ሰዎች ነን። መሀል ላይ ተቋርጦ ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ዓመት ባልጠበቅን ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የለገሃር አካባቢ በትልቅ ግንባታ እየተቀየረ ነው። የድሮው የጣቢያ ሕንፃ እንዲቆይ መወሰኑ ያስደስተኛል። ሕንፃ ግን የነጋዴዋን ዳቦ አያስታውስም። አባባ የቡሎኑን ነገር የነገሩኝ በቃል ነው። የተጻፈ ቦታ አላየሁትም። አንድ መስመር እንዴት እንደሚሞት በዝርዝር የሚያውቁት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ወሎ ውስጥም አሉ። ባቲ፣ ከሚሴ፣ ደሴ። ለሥራ ድሬዳዋና ጅቡቲ ወርደው የተመለሱ። ቤታችሁ ካሉ ጠይቋቸው። የትኛው ጣቢያ ላይ ማን ይሸጥ እንደነበር፣ የትኛው ድልድይ ላይ ባቡሩ ይፈራ እንደነበር፣ ደመወዝ መዘግየት የጀመረው መቼ እንደሆነ።

እኔ ጀምሬያለሁ። አባባ ጋ በሁለት ቅዳሜ ሄጃለሁ። ቡና ይፈላል። ስልኬን ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ እቀዳለሁ። ከድሬዳዋ እስከ ለገሃር ያሉትን ጣቢያዎች በቅደም ተከተል እንዲነግሩኝ ነው የምፈልገው፤ ከየጣቢያው ጋር የሚያስታውሱትን ሁሉ። ሁርሶን ነገሩኝ። ኤረርን ከብርቱካኑ ጋር ነገሩኝ። ባለፈው ቅዳሜ አፍደም ላይ ስንደርስ ደከማቸው፣ ተኙ። ነገ ከሚኤሶ እንቀጥላለን።